የዓሣ ነባሪው ሁለተኛ ምስክር

ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር አንሶላ ማጠፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለንደን፣ ስቶክዌል ባለው ቤታችን ጠባብ ኮሪደር ላይ እሱ ሁለቱን ጫፎች ይዞ በመኝታ ቤቱ በኩል፣ እኔ ሁለቱን ይዤ በወጥ ቤቱ በኩል ቆመናል። ትልቅ አንሶላ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይወጠራል፣ ይራገፋል፣ ከዚያ ተራምዶ መገናኘትና ጫፍን ከጫፍ ማገጣጠም ነው። ታደሰ ግን ዝም ብሎ አያራግፍም። ከሥሩ አየር እንዲገባበት አድርጎ ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ አንሶላው መሐሉ ላይ ያብጥና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ "ወጣ!" ይላል። እኔ "በየት በኩል?" እላለሁ። "በሦስት ሰዓት፣ በሀበሻ" ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜም እንስቃለን። ያን ቀንም ሳቅን፣ አጠፍን፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባነው። ማክሰኞ ልቡ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ብዕር የማነሣው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ አንቀጽ ጽፌ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ አውቶቡሶቹን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ታደሰ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ስለነበር አውቶቡስ ማየት ይቀለኛል። ይህችን የአንሶላ ቀልድ ግን ከእኛ ሌላ የሚያውቃት የለም። አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁና ሳልጽፋት ብሞት አብራኝ ትሞታለች። ለማስረዳት ደግሞ ወደ ናዝሬት መመለስ አለብኝ። አዳማ የምትሉ አላችሁ፤ እኔ ስወጣ ናዝሬት ነበረች፣ በአፌም ናዝሬት ሆና ቀረች።

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ከባቡር ጣቢያው እምብዛም አይርቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣዋል። ነፋሱ ከወንጂ በኩል የመጣ እንደሆነ የተቃጠለ የሸንኮራ ቅጠል ይሸታል፤ ከጣቢያው በኩል የመጣ እንደሆነ ደግሞ ናፍጣና የሞቀ ብረት። እኛ ሴቶቹ ልጆች በጋሽ ወልዴ ደጅ ካለው የኒም ዛፍ ሥር መሬቱን በከሰል እያሰመርን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ባቡሩ ቆሞ እፎይ ሲል ድምፁ እስከ እኛ ይሰማል። የተራዋ ልጅ በአንድ እግሯ እንደቆመች ወደዚያ ትዞርና ሚዛኗን ትስታለች፤ ከዚያ "ባቡሩ ነው የጣለኝ፣ ድጋሚ ይገባኛል" ክርክር ይጀመራል።

አባቴ በየነ ከጣቢያው አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ግን ከአሰብ በንግድ መርከብ ተሳፍሮ ለመርከበኞቹ ያበስል ነበር። ሰዓት ማንበብ ያስተማረኝ እዚያ ሆቴል ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ሰዓት ነው። ሽርጡን እንደታጠቀ በትከሻው ተሸክሞኝ፣ "ትንሹ ቆጣሪ የት ነው?" ይለኛል። "ዘጠኝ ላይ።" "ስለዚህ ስንት ሰዓት ነው?" "ሦስት።" ፈረንጅ የሚቆጥረው ሁሉም ተኝቶ ሳለ ጀምሮ ነው፣ እኛ የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው፣ ይል ነበር። እጁ ሁልጊዜ ሽንኩርት ይሸታል። ያ የልጅነት ትምህርት ከስንት ዓመት በኋላ ምን እንደሚያደርገኝ ትሰማላችሁ።

ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ወንዶቹ በየደጃፉ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አባቴ ያን ጊዜ ነው ስለ ዓሣ ነባሪው የሚያወራው። መርከባቸው ወደ ሰሜን፣ ሰው ሲናገር አፉ እንደ ድስት ወደሚተንበት ቀዝቃዛ ባሕር ሄደ። እሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተበላሸ ጥቅል ጎመን ሊደፋ ወደ መርከቡ ጠርዝ ወጣ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። በድንገት ከሥሩ እንደ አዲስ አስፋልት የጠቆረ ጀርባ ብቅ አለ፤ አያልቅም፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ከዚያ ተነፈሰ። ድምፁ ልክ የእኛ ባቡር ጣቢያ ደርሶ እፎይ ሲል ነው። ትንፋሹ ደግሞ ገማ። "በእጄ ከያዝኩት ጎመን ይብስ ነበር። መጀመሪያ ባልዲው መስሎኝ አሸተትኩት" ይል ነበር።

ናዝሬት ውስጥ ባሕር ያየ ማን አለ? ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። "ከእድሩ ድንኳን ይበልጣል?" ይሉታል። "ድንኳኑን ከነለቀስተኛው ጀርባው ላይ ትተክለዋለህ" ይላል አባቴ ሳይስቅ። "ነቢዩ ዮናስንስ አላየኸውም? በመስኮት ብቅ አላለም?" ይላል ሌላው። ጎረምሶቹ ጠዋት ሥራ ሲሄድ "ጋሽ በየነ፣ ዓሣው ደህና አደረ?" እያሉ ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱም "ይመስገነው፣ ሰላም ብሏችኋል" ብሎ ያልፋል። እኔን ትምህርት ቤት "የዓሣ ነባሪው ልጅ" ይሉኛል። ስድብ መሆኑን ባውቅም ደስ ይለኝ ነበር። የሌላው ልጅ አባት ምን አይቷል?

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን የፓፓያው ነገር መጣ። እትዬ ዘነበች የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ከአቶ ደምሴ ጋር በአጥር ይዋሰናሉ። ድንበሩ ላይ አንድ ፓፓያ በቅሎ፣ አድጎ፣ ፍሬ ሲጭን አቶ ደምሴ "የእኔ ነው" አሉ። እትዬ ዘነበች ዛፉን በገዛ እጃቸው ሲተክሉት አባቴ ከሥራ ሲመለስ አይቷቸዋል፤ እንዲያውም ውሃ ቀድቶ አጠጥቶላቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ለሰፈር ሽማግሌዎች ሲቀርብ ምስክር አድርገው ቆጠሩት።

ሽማግሌዎቹ ጨዋታችንን አስቆመው ኒሙ ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው፤ ግን ነገር አዋቂ ስለነበሩ ከሳቸው የሚበልጡትም ይሰሟቸዋል። እኔ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ በቀዳዳ አያለሁ። አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል። ገና አፉን ሳይከፍት አቶ ደምሴ ተነሡ። "ጌቶቼ፣ ይህን ምስክር አልቀበልም" አሉ። "ከድንኳን የሚበልጥ ዓሣ አየሁ የሚል ሰው፣ ፓፓያ ሲተከል አየሁ ቢል ምን ይደንቃል?" ሰዉ ሳቀ።

ጋሽ ወልዴ አልሳቁም። "በየነ፣ ዓሣውን ከአንተ ሌላ ያየ አለ?"

"መርከቡ ላይ የነበሩት ሁሉ።"

"የት ናቸው?"

"ባሕር ላይ።"

እንደገና ተሳቀ። ያን ጊዜ አቶ ደምሴ ደግ የሆኑ መስለው አንድ ነገር አቀረቡ። በየነ እዚሁ በጉባኤው ፊት "ያ የዓሣው ነገር ቀልዴ ነው" ይበልና ይለፈው፣ እኔም ምስክርነቱን እቀበላለሁ፣ አሉ። እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው አባቴን በዓይናቸው ይለምኑታል። አንዲት ቃል ነው። ቢላት ፓፓያው ይተርፋል፣ እሱም የተከበረ ምስክር ሆኖ ይቀመጣል። 

"ጌቶቼ" አለ አባቴ፣ "እውነተኛ ነው እንድትሉኝ ልዋሽ? ያየሁትን አላየሁም ካልኩ፣ የፓፓያውን ነገር በምን ታምኑኛላችሁ?"

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያዞሩ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው፣ በአንድ ሰው ቃል አይፈረድም፣ አሉ። "ቃልህን አልጣልኩትም፣ በየነ። ይቆይ። ዓሣውን ያየ ሁለተኛ ሰው የተገኘ ቀን ይነሣል።" አባቴ "ይቆይ" አለና እጅ ነሥቶ ሄደ። ባለቤቱ ስላልለየ ፓፓያው ተቆረጠ። ያን ዕለት ማታ ቤታችን ራት ሲበላ እናቴ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብላ ከወጡ ጨመረችለት።

ከዚያ በኋላ አባቴ ስለ ዓሣ ነባሪው ደጃፍ ላይ አውርቶ አያውቅም። ለእኔ ግን፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረኝ ነበር። ሲነግረኝ አንዲትም ነገር አይጨምርም፣ አንዲትም አይቀንስም። አስፋልቱ፣ ባቡሩ፣ ጎመኑ። ልጆች ተረት እያደገ እንዲሄድ ይፈልጋሉ፤ የአባቴ ግን አያድግም ነበር። እውነት መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። ሲሞት እኔ ለንደን ነበርኩ። ቃሉ አሁንም እንደቆየ ነበር።

ለታደሰ የነገርኩት እንደተጋባን ነው፣ ለንደን ውስጥ ስትሪትሃም በአንዲት ክፍል ስንኖር። ቴሌቪዥን ላይ ዓሣ ነባሪ መጣና አለቀስኩ፤ ምን ሆንሽ ሲል ሁሉንም ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ "እንግዲህ የጎደለው ሁለተኛ ምስክር ብቻ ነው ማለት ነው?" አለኝ። "አዎ።" "እሺ" አለ። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ የቤት ዕዳ መጣ። ነገሩን የረሳው መስሎኝ ነበር።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት አይስላንድ እንሂድ አለ። ልጃችን ሳራ እዚሁ ለንደን ነው የተወለደችው። ትኬቱን ቡክ የምታደርግልን እሷ ናት፤ ስልኳን ይዛ አየችን። "ዳዲ፣ ስፔን ሂዱ እንጂ። ሪሊ፣ ማነው ለሆሊደይ ብርድ የሚሄደው?" አለች። "ብርዱ አይደለም፣ የምናየው ሰው አለ" አላት። እኔም ዘመድ ያገኘ መስሎኝ ነበር።

በጋ ነው፣ ግን ከአገሩ በስተሰሜን ያረፍንባት የወደብ መንደር ተራሮች አናታቸው ላይ በረዶ አለ። ከእንጨት የተሠራች ጀልባ ውስጥ ገባን። ለሁላችንም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም ቱታ ሰጡን፤ ታደሰ ሲለብሰው የተሞላ ጆንያ መሰለ። "ሳቂ፣ ሳቂ። አንቺንስ ማን አየሽ" አለኝ። የዝንጅብል ሻይ በቴርሞስ ይዘን ነበር። ወደብ ስንለቅ ነጫጭ ወፎች ተከተሉን። ሰው ሲናገር አፉ ይተናል። እንደ ድስት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ታደሰን አየሁት፣ እሱ ባሕሩን ያያል።

አስጎብኚዋ ወጣት ልጅ ናት፤ በድምፅ ማጉያ አስረዳችን። ጀልባዋን እንደ ሰዓት ቁጠሯት፣ አለች። የፊቷ ጫፍ አሥራ ሁለት፣ ቀኙ ሦስት፣ ኋላው ስድስት፣ ግራው ዘጠኝ። ዓሣ ነባሪ ሳይ ሰዓቱን እጠራለሁ፣ ወደዚያ እዩ። ቀላል ነው። ለንደን ውስጥ ስንት ዓመት ሠርቼ አንድ ቀን ሥራ አርፍጄ አላውቅም፤ የፈረንጅ ሰዓት ይጠፋኛል አልልም። ግን ቤታችን ውስጥ፣ እኔና ታደሰ ብቻችንን ስንሆን፣ የምንቆጥረው በሀበሻ ነው።

ብዙ ጠበቅን። ታደሰን ማጥወልወል ጀመረው። ሰዉ ትኩስ ቸኮሌት እየጠጣ ማጉረምረም ሲጀምር ልጅቷ ጮኸች፤ ሦስት ሰዓት! ሦስት ሰዓት! ሰዉ ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ወደ ቀኝ ሮጠ። እኔ ወደ ግራ ሮጥኩ። አላሰብኩበትም። ብርዱ፣ ትነቱ፣ ከልጅነቴ የሰማሁት "ጠዋት ሦስት ሰዓት" አንድ ላይ መጡብኝ መሰለኝ፤ ሦስት ሲባል ትንሹ ቆጣሪ ዘጠኝ ላይ ነው። በግራው ጠርዝ ብቻዬን ቆሜ ባዶውን ባሕር አያለሁ። ከኋላዬ ሰዉ "ዋው" ይላል።

ታደሰ መጥቶ እጅጌዬን ያዘኝ። "አልሚ፣ በዚያ በኩል ነው እኮ" አለኝ። "ሦስት ሰዓት አላለችም?" አልኩት። አየኝ፤ ገባውና ሳቀ። "ኧረ አንቺ ሴትዮ! በሀበሻ ቆጠርሽላት?" እያለ ሲስቅ ነው ሌላ ዓሣ ነባሪ ከሥራችን የወጣው።

መጀመሪያ ውሃው ዘይት እንደፈሰሰበት ለስልሶ ተኛ። ከዚያ ጀርባው መጣ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ አዲስ አስፋልት። አያልቅም፣ ዝም ብሎ ይወጣል። እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ተነፈሰ። ልጅ ሆኜ ኒሙ ሥር በአንድ እግሬ የቆምኩ ያህል ሚዛኔን ሳትኩ፤ የናዝሬት ባቡር ነው። ጭጋጉ ፊታችን ላይ አረፈ፣ የታደሰን መነጽር ሸፈነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ሰንብቶ የተበላሸ የጥቅል ጎመን ውሃ፣ ዓሣ የተነከረበት። ታደሰ ቀድሞውኑ ያጥወለውለው ነበርና ጠርዙን ይዞ ጎነበሰ። እኔ እሱን መደገፍ ሲገባኝ አፌን ከፍቼ ያን ግማት ወደ ውስጥ እስብ ነበር። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ሰዉ ዞሮ እስኪመጣ ገብቶ ነበር። የቀረው ውሃው ላይ ያለው ለስላሳ ክብ ብቻ ነው። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ እየሳቀች፣ ከሁሉም ዕድለኞቹ እናንተ ናችሁ አለችን።

ወደቡ ላይ እንደወረድን ታደሰ ስልኩን አወጣ። ለካ ከለንደን ሳንነሣ ናዝሬት አባታችን ቤት ከምትኖረው ታናሽ እህቴ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። እህቴ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄዳ ስልክ ስትጠብቅ ነበር። ጋሽ ወልዴ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸውና ልባቸው ግን ደህና ነው። ታደሰ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ፊታቸው የቆመ ይመስል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። "ጋሽ ወልዴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የበየነ ልጅ ባል ነኝ። እርስዎ 'ይቆይ' ያሉት ነገር ነበረ። ምስክር ይዤ ቀርቤያለሁ።"

ከዚያ ያ ኒሙ ሥር የሰማሁት ድምፅ፣ ሳስቶ ግን ራሱ፣ "ስንት ናችሁ?" አለ።

"ሁለት ነን።"

"ምስክር ለየብቻው ነው የሚሰማ። አንዱ ይራቅ።"

መጀመሪያ ታደሰ ራቀ፣ እኔ ቃሌን ሰጠሁ። ጀርባውን ጠየቁኝ፣ ድምፁን ጠየቁኝ። ሽታውን ስነግራቸው "እህ" አሉ። ከዚያ ስልኩን ለታደሰ ሰጥቼ እኔ ጀልባዎቹ ወደ ታሰሩበት ራቅሁ። ነፋሱ ወዲያ ስለነበር አንዲት ቃል አልሰማሁም። ያየሁት ከሩቅ እጁን ሲያወናጭፍ፣ መነጽሩን ሲያወልቅ፣ መልሶ ሲያደርግ ብቻ ነው። ሲጨርስ ምን እንዳለ ጠየቅሁት። "ምስክር ቃሉን አያወራም" አለኝ። ብለምነው ብለምነው እምቢ አለ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጋሽ ወልዴ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ተነሡ። እህቴ ድምፃቸውን ቀድታ ላከችልን። ከነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ የሉም፤ እትዬ ዘነበችም አቶ ደምሴም አልፈዋል። እሳቸው ግን ነገሩን ከፓፓያው ጀምረው ለልጆቻቸው ልጆች ተረኩና፣ "የበየነ ቃል ጸንቷል። ዛሬ አንሥቼዋለሁ" ብለው ተቀመጡ። ሰዉ አጨበጨበ። በማግስቱ የአቶ ደምሴ ልጅ አንድ ሳጥን ፓፓያ አሸክሞ እህቴ ቤት ላከ። ሳራ ይህን ስነግራት፣ "ማሚ፣ ግን ቪዲዮ የላችሁም?" አለችኝ። የለንም። "እና እንዴት አመኗችሁ?" አለች።

ታደሰን ከቀበርን በኋላ ቤቴ በሰው ተሞልቶ ሰነበተ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ወንበር ይዘው መጡ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ምግብ አቀረቡ። ከባተርሲ የአውቶቡስ ጋራዥ የሥራ ጓደኞቹ መጥተው እግራቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ ጠፍቷቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሰው ከሳሳ በኋላ አንድ ቀን ከናዝሬት ስልክ ተደወለ። ጋሽ ወልዴ ናቸው። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ። ከዚያ፣ "ምስክር ሲሞት ቃሉ ለቤተሰብ ይነገራል" አሉ። "ባልሽ ያን ቀን ያለኝን ልንገርሽ።"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ታደሰ ያላቸው ይህ ነው። "ጋሽ ወልዴ፣ ጀርባውን አየሁ ብል እዋሻለሁ። ሲወጣ እሷን እያየሁ እስቅ ነበር፣ ወዲያው ደግሞ መነጽሬ ረጠበ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ሽታውን አሽትቻለሁ፤ ጎመን ነው፣ አስመልሶኛል። ዓይኔ ያየው ግን ሚስቴን ነው። አፏን ከፍታ እንደ ልጅ ቆማለች። ፊቷ ላይ አባቷ የነገራት ሁሉ ነበር። በዚህ እመሰክራለሁ፣ ከዚህ አላልፍም።"

"ያላየውን አየሁ ቢል ኖሮ" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ "ቃሉን አልቀበለውም ነበር። አባትሽም እንዲሁ አደረገኝ፣ ያን ጊዜ ግን አልገባኝም። ልጄ፣ ከሁለት እውነተኛ ሰው ጋር ነው የኖርሽው።"

ድሮ ሰው የሚታመነው በሰው ነበር። አንድ ሰው ይቆምልሃል፣ ወይም ሌላ ሰው እስኪመጣ ቃልህ ይቆያል። ዛሬ ሁሉም ስልኩን ያነሣል፤ ያን ቀንም ጀልባዋ ላይ ሁሉም አንሥተው ነበር፣ ሁሉም ግን ወደ ሌላኛው በኩል። ዘመኑን አልወቅስም። ሳራ በስልኳ ስንት ነገር ታሳየኛለች። እኔ ግን አንዲት ፎቶ ሳይኖረኝ፣ ያየሁትን የማውቅ፣ የማን ልጅና የማን ሚስት እንደሆንኩ የማውቅ ሴት ነኝ። ሐዘኑ አልቀለለም፤ ኩራቱ ግን አብሮት ተቀምጧል።

ያ አንሶላ እሱ እንዳጠፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ብዙ ሰነበተ። ባለፈው ሳምንት አውጥቼ አነጠፍኩት፣ ተኛሁበት፣ አጠብኩት። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ጫፎች በመኝታ ቤቱ በር እጀታ ላይ አስሬ ብቻዬን አጥፋለሁ።